ባለ 12 ቁልፍ ማውስ አግኝቼ ብሶብኛል፤ የኪፓድና የማውስ አደራደር የሚያውቅ አለ?

ቄስ_ዘአያት፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን የኢንተርኔት ጨዋታ ነው የምጫወተው። ሂለር ነኝ፣ የቡድኑን ሰዎች የማድን፤ ክላሴ ፕሪስት፣ ማለትም ቄስ። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው እንጂ ክህነት የለኝም። (ባለፈው አንድ ልጅ በውስጥ መስመር «አባ፣ ይፍቱኝ» ብሎ ጽፎልኛል።)

ላፕቶፔ 14 ኢንች ስለሆነ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች የሉትም። እስካሁን ስኪሎቼን (በጨዋታው ውስጥ ያሉኝን ችሎታዎች) አንድ በአንድ በማውስ ጠቅ እያደረግኩ ነው የኖርኩት። አውቃለሁ፣ አትሳቁ። የታንኩ (ፊት ቆሞ ምቱን የሚቀበልልን ተጫዋች) ደም እያለቀ እኔ እስክሪኑ ግርጌ ወርጄ ምልክት እፈልጋለሁ። ሳገኘው ሰውየው ሞቷል።

ባለፈው ወር ሁለት ዕቃ አገኘሁ። አንዷ መገናኛ የገዛኋት ትንሽ የዩኤስቢ ኪፓድ ናት፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸሮች ፊት የምትቀመጠው ዓይነት። ሌላው አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ያገለገለ ማውስ ነው። በአውራ ጣት በኩል 12 ቁልፍ አለው።

የማውሱን 12 ቁልፎች እንደ ኪፓድ ቁልፎች አደረግኳቸው። ብቻቸውን 12 ስኪል፣ ከሺፍት ጋር 12፣ ከአልት ጋር 12። 36 ስኪል በአንድ አውራ ጣት! ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል።

ጨዋታው ውስጥ ግን እንዲህ ሆነ። ሺፍት ይዤ 8ን ስጫን ጋሻ በማልበስ ፋንታ ሰውዬዬ ወደፊት ይራመዳል። 7ን ስጫን ካሜራው ይዘላል። 9ን ስጫን ቻቱ ወደላይ ይሸሻል። 5 ጭራሽ ዝም። ትናንት ጋሻ ላልብስ ብዬ ሄጄ ቦሱ (ዋናው ጠላት) እግር ሥር ቆምኩ።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። አንዳንዴ ውጊያ መሀል ኪቦርዱ ጸጥ ይላል። ደብሊው የለ፣ ኤ የለ። ማውሱ ይሠራል፣ ጨዋታውም ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ብቻ ሐውልት እሆናለሁ። ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ኪቦርድ ተውሼ ሞከርኩ። ያው ነው።

ሦስተኛ፣ አውራ ጣቴ 12ቱን ቁልፎች ለይቶ አያውቃቸውም። ኪፓዷንማ የት እንደማስቀምጣት ራሱ ግራ ገብቶኛል። ምን ላድርግ?


ሻይ_ቡና፣ 3፡52

36? በገና እንኳ ያለው 10 አውታር ነው ወዳጄ።


ቦሌ_ቡልቡላ፣ 4፡05

አልቢዮን ኦንላይን ና፣ ትገላገላለህ። የመሣሪያህ ስኪሎች ኪው፣ ደብሊው እና ኢ ላይ ናቸው። ደረትህ ላይ የለበስከው አር፣ ቆቡ ዲ፣ ጫማው ኤፍ። አበቃ። መራመዱ በማውስ ነው፤ ግራ እጅህ ስለ ስኪል ብቻ ያስባል። ስልክ ላይም ይሠራል። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንጨት እቆርጣለሁ።


ሚሚ_ታንክ፣ 4፡31

ቡልቡላ፣ ልጁ ሌላ ጨዋታ ፈልጉልኝ አላለም።

ቄስ፣ ከ36ቱ በፊት እግርህን አስተካክል። ዋርክራፍት እንደተጫነ ኤ እና ዲ ሰውየውን ባለበት ያዞሩታል። ወደ ጎን የሚያስኬዱት ኪው እና ኢ ናቸው። መዞርን ለማውስ ተወው። የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይዘህ ስትጎትት ወዲያው ትዞራለህ። በኤ እና በዲ መዞር ግን ተሳቢ መኪና ጠባብ ሰፈር ውስጥ እንደ ማዞር ነው። ኢስኬፕ ተጫን፣ ኦፕሽንስ፣ ኪባይንዲንግስ ግባ። ኤ እና ዲን የጎን መራመጃ አድርጋቸው። በዚህ ብቻ ኪው እና ኢ ነፃ ወጡልህ። እነዚህ ሁለቱ ለእኔ ከማውስህ ጎን ሁሉ ይበልጣሉ፤ ጣትህ አጠገባቸው ነዋ ያለችው።

ኤስንም እርሳው። ወደፊት ስትሮጥ በሰከንድ 7 ያርድ ትሄዳለህ፣ በኤስ ወደኋላ ስትሄድ ግን 4.5 ብቻ። ከእሳት በኤስ የሚወጣ ሰው ተጠብሶ ነው የሚወጣው። ዞረህ ሩጥ። እኔ ኤስ ላይ ስኪል ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ።

አሁን ስኪሎቹ። ብዙ ሰው ከዝርዝሩ አናት ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይደረድራል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን ስኪል ስጠቀም እግሬ ምን እያደረገ ነው? እየሮጥኩ የምጠቀመው ሁሉ ማውሱ ጎን ይሁን። ግራ እጄ በሩጫ ተይዟላ። ላንተ እነዚህ ጋሻው፣ ሪኒው፣ ፌድ ናቸው። ቆሜ የምጠራው ደግሞ ግራ እጄ ላይ ይሁን፤ ስቆም እነዚያ ጣቶች ሥራ ፈት ናቸው። ፍላሽ ሂልን ኢ ላይ አድርጋት፣ ታመሰግነኛለህ።

ደግሞ የሞት የሽረት ስኪልህን ሩቅ አትደብቀው። «አልፎ አልፎ ነው የምጠቀመው» ብለህ ኮንትሮል ከ12 ጋር ታስቀምጠዋለህ። በሚያስፈልግህ ሰዓት ግን እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው። እኔ ራሴን የማድንበት ኪው ላይ ነው።


ቄስ_ዘአያት፣ 4፡38

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ የእግሩን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር።


ሚሚ_ታንክ፣ 4፡39

እህቴ በል።


ቄስ_ዘአያት፣ 4፡41

ይቅርታ እህቴ። ታንክ የሚለውን ሳይ ነው።


ሚሚ_ታንክ፣ 4፡44

ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ሌላ ነገር ልንገርህ፤ ይህ ለሂለር ብቻ ነው። አሁን ሰው ለማዳን መጀመሪያ ስሙን ጠቅ አድርገህ መርጠህ ከዚያ ስኪሉን ትጫናለህ አይደል? ሁለት ሥራ ነው። ኦፕሽንስ ውስጥ ማውስኦቨር ካስት የሚል አለ፣ አብራው። ከዚያ ቀስቷን ከሰውየው ስም ላይ ታሳርፍና ቁልፉን ብቻ ትጫናለህ። ዒላማህ ቦሱ ላይ እንደሆነ ይቆያል። ድሮ ለእያንዳንዱ ስኪል ማክሮ (አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ) መጻፍ ነበረብን። አሁን ምልክት ማድረግ ብቻ ነው።


ጋሽ_ጠቅታ፣ 5፡10

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ከሰዓት ነው። ቡናዬን ይዤ ነው የማነባችሁ።

ቄስ ልጄ፣ የሺፍቱ ነገር የማውስህ ጥፋት አይደለም። ከአንተ ዕድሜ የሚበልጥ ታሪክ ነው። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ 83 ቁልፍ ነበረው፤ ለብቻቸው የተቀመጡ ቀስቶች አልነበሩትም። 8 ቁጥር ራሷ ወደላይ ቀስት ነበረች። 7 ሆም፣ 9 ፔጅ አፕ፣ 1 ኤንድ። ነም ሎክ የሚባለው ቁልፍ ሥራው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበር። ነም ሎክ በርቶ ሳለ ሺፍት ከያዝክ ደግሞ ለጊዜው ይገለበጣል፦ ቁጥሩ ቀስት ይሆናል። በኋላ ቀስቶቹ የራሳቸውን ቦታ አገኙ። ልማዱ ግን ቀረ። ዊንዶውስ እስከ ዛሬ ይዞታል።

አሁን የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። ሺፍትና 8 ወደላይ ቀስት ነው፤ ዋርክራፍት በዚያ ቀስት ያራምዳል። ሺፍትና 7 ሆም ነው፤ ካሜራ ይቀይራል። ሺፍትና 9 ፔጅ አፕ ነው፤ ቻት ይጠቀልላል። 5 ቀስት የላትም፣ ዝም አለች። ጨዋታው ሺፍትህን አያየውም። ዊንዶውስ ከመሀል ያነሳበታል።

ወይ ከኪፓድ ቁጥር ጋር ሺፍትን ተውና ኮንትሮልን ያዝ፤ ኮንትሮል ይህ ጣጣ የለበትም። ወይ ደግሞ የማውሱን ጎን ከኪቦርዱ ላይኛው መስመር ጋር አገናኘው፦ ከ1 እስከ 0፣ ከዚያ ሰረዝና እኩል ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመክርህ። በ2009 የወጣው የመጀመሪያው ሬዘር ናጋ ማውስ ሆዱ ላይ ለዚሁ የምትሆን ማንሸራተቻ ነበረችው። በአንድ በኩል 123፣ በሌላው ነም ትላለች። ሎጂቴክ ጂ600 ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የፈታው። ከቀኝ ጠቅታው ቀጥሎ ለቀለበት ጣት ሦስተኛ ቁልፍ አለው። እሱን ስትይዝ 12ቱ የጎን ቁልፎች ሌላ 12 ይሆናሉ። መቀያየሩ እዚያው ማውሱ ጋ ስለሚያልቅ የኪቦርዱ ሺፍት አያስፈልግህም። ያንተም ዓይነቱ ምንም ይሁን ከሶፍትዌሩ ገብተህ ቁልፎቹን መቀየር ትችላለህ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ዋርክራፍት ነም ሎክን የሩጫ ማስጀመሪያ አድርጎ ነው የሚመጣው። ነክተኸው ስትሮጥ ኪፓድህ በዚያው ከቁጥር ወደ ቀስት ይገለበጣል። ለሩጫው ሌላ ቁልፍ ስጠው።

ስለ ሁለተኛው ችግርህ ጥርጣሬ አለኝ፣ ግን ዝም ብዬ አልናገርም። ኪቦርዱ ጸጥ ሲልብህ ኢንተር ተጫንና ቻቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፍ። ምን እንደወጣ ንገረኝ።


ፈጣን_ጣት፣ 5፡26

ለምን ትቸገራላችሁ? የማውሱ ሶፍትዌር ማክሮ ይቀዳል። ጋሻ፣ ሪኒው፣ ፍላሽ ሂል፣ በየመሀላቸው 1.5 ሰከንድ ቆጥሮ በአንድ ጠቅታ ይለቅልሃል። አንተ ሻይህን ጠጣ።


ሚሚ_ታንክ፣ 5፡30

አካውንቱን የማይፈልገው ከሆነ ጥሩ ምክር ነው።

የብሊዛርድ (የዋርክራፍት ሠሪዎች) መስመር ግልጽ ነው፦ አንድ ጊዜ መጫን፣ አንድ ድርጊት። በኖቬምበር 2020 ደግሞ አንድን ጠቅታ ለብዙ የጨዋታ መስኮት የሚያድሉ ሶፍትዌሮችንም ከለከሉ። ጊልድ ዋርስ 2 የሚባለው ጨዋታ ላይም ያው ነው፣ አንድ ቁልፍ አንድ ተግባር። ጨዋታው ውስጥ የሚጻፈው ማክሮ ሌላ ነገር ነው። እሱ ተፈቅዷል፣ 255 ፊደል ይይዛል። ግን ሰከንድ አይቆጥርልህም። ቀጣዩን ስኪል ራስህ መጫን አለብህ።


ፈጣን_ጣት፣ 5፡33

2 ዓመት ተጠቅሜ ምንም አልሆንኩም።


ሻይ_ቡና፣ 5፡34

ያልተያዘ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።


ግራ_እጁ፣ እሑድ ከጠዋቱ 2፡15

ስለ ኪፓዷ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ። እኔ ግራኝ ነኝ። ማውስ በግራ፣ ኪፓድ በቀኝ ነው የምይዘው። ለእኛ ኪፓድ ትርፍ ዕቃ አይደለችም፣ ዋናዋ ኪቦርድ ናት። 8 ወደፊት፣ 4 እና 6 ወደ ጎን፣ 5 ወደኋላ። 5 ላይ ትንሽ ጉብታ ስላለች ጣትህ ሳታይ ታገኛታለች። ዙሪያዋ ያሉት 7፣ 9፣ 1፣ 2፣ 3 ስኪል ናቸው። ቀኝ አውራ ጣቴ የሚያርፈው ትልቋ 0 ላይ ነው፤ እሷን መዝለያ አድርጌያታለሁ። የተፈጠረችለት ትመስላለች።

አንተ ቀኝ ከሆንክ ኪፓዷን በግራ እጅህ ትይዛታለህ ማለት ነው። ያኔ አውራ ጣትህ 0 ላይ አይደርስም፤ ኢንተር ላይ ነው የሚወድቀው። ኢንተር ደግሞ ቻት እንዳይከፍትብህ ከሴቲንጉ አንሳው። ሌላ አደጋም አለ። የማውስህ ጎንና ኪፓዷ አንድ ዓይነት ቁጥር ከላኩ ጨዋታው ከየትኛው እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት ማውሱን ላይኛው መስመር ቁጥሮች ላይ አድርገው፣ ኪፓዷን ለብቻዋ ተዋት።

ከመልመድህ በፊት ግን ሞክራት። ርካሽ ኪፓዶች ውስጣቸው ያለው ሽቦ በመስመርና በዓምድ የተጣመረ ነው፤ ሦስት ቁልፍ ባንዴ ሲያዝ አንዱን የሚውጡ አሉ። ኖትፓድ ክፈት። ሁለት ቁጥር ይዘህ ሦስተኛውን ነካ ነካ አድርግ። ሦስተኛው ካልታየ ያቺ ኪፓድ ለሂሳብ እንጂ ለውጊያ አትሆንም። እኔ ሦስት ቀይሬ ነው አራተኛዋ የሆነችልኝ።

ስለ ማውስ ደግሞ አታንሱብኝ። ባለ 12ቶቹ ማለት ይቻላል ሁሉም ለቀኝ እጅ ነው የተሠሩት። ሬዘር በ2020 የግራ እጅ ናጋ አውጥቶ ነበር፤ እስካሁን በእጄ አልገባም።


ጋሽ_ጠቅታ፣ 3፡02

ግራ እጁ፣ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። እኔም በዋርክራፍት መጀመሪያ ዓመታት ቤልኪን ኖስትሮሞ የምትባል የግራ እጅ ኪፓድ ነበረችኝ፤ መዳፍ ማሳረፊያ ያላት፣ ለአውራ ጣት የቀስት ዲስክ ያላት። በኋላ ስሙን ሬዘር ወሰደው፤ ዛሬ ታርታረስ የሚሉት የእሷ የልጅ ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ላትቪያ ውስጥ አዜሮን የሚባሉ በ3ዲ ማተሚያ እየሠሩ ነው፤ የሸረሪት እግር ይመስላል። አየሁት፣ ወደድኩት፣ ዋጋውን አየሁና ተውኩት።


ዱባይ_ሌሊት፣ 5፡40

ከሌሊት ሽፍት መውጣቴ ነው፣ ቁልፍ መቁጠር አልችልም። እኔ ፋይናል ፋንታሲ 14ን የምጫወተው በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ነው። ክሮስ ሆትባር ይሉታል። ኤል 2 ስትይዝ 8 ስኪል፣ አር 2 ስትይዝ ሌላ 8፣ በአንድ ገጽ 16 ማለት ነው። በስኪሎቹ መሀል ያለው ልዩነት ወደ 2.5 ሰከንድ ስለሆነ ጣትህ ለማሰብ ጊዜ አላት። ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ሬይድ (የብዙ ሰው የቡድን ውጊያ) እገባለሁ። ማንም «ጆይስቲክ ነህ እንዴ» ብሎኝ አያውቅም።

ዋርክራፍት ላይ ግን ለሂለር አልመክርም። 20 ሰው መሀል አንዱን በጆይስቲክ መምረጥ መከራ ነው።


ቄስ_ዘአያት፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡20

ጋሼ! ማውሱን ወደ ላይኛው መስመር ቀየርኩት። ሺፍት ሠራ! እጅዎን ይባርክልዎ።

ቅድም ደግሞ ያው ኪቦርዱ ሞተብኝ። እንዳሉኝ ኢንተር ተጫንኩና ጻፍኩ። የወጣው ፊደል አይደለም። ካሬ ካሬ ነገር ነው። አራት ጊዜ ስነካ ካሬ ተደረደረ። ቫይረስ ነው?


ጋሽ_ጠቅታ፣ 2፡31

ሃሃ። ያሰብኩት ነው። ኮምፒውተርህ ላይ አማርኛ መጻፊያ ጭነሃል?


ቄስ_ዘአያት፣ 2፡32

አዎ። ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ በምን ሆነና?


ጋሽ_ጠቅታ፣ 2፡45

ጉዳዩ እሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ አልትና ሺፍት አብረው ሲነኩ የመጻፊያው ቋንቋ ይቀየራል። አንተ ደግሞ ሺፍት ላይ 12፣ አልት ላይ 12 ስኪል አስቀምጠሃል። ውጊያው ሲፋፋም አንዱን ሳትለቅ ሌላውን ትይዛለህ። ጠቅ፣ ኪቦርድህ አማርኛ ሆነ። ከዚያ ደብሊውን ስትጫን ጨዋታው ጋ የሚደርሰው «ው» ነው። «ው» ሲመጣ ወደፊት ሂድ ብሎ ማንም አልነገረውም። ቻቱም የእኛን ፊደል መሳል ስለማይችል ካሬ ያወጣል። ሁለተኛው ኪቦርድ ላይም ያው የሆነብህ ለዚህ ነው። ችግሩ ዕቃው ላይ አልነበረም።

እንዲህ አድርግ። ሴቲንግስ ግባ፣ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ታይፒንግ፣ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ። እዚያ ኢንፑት ላንጉጅ ሆት ኪስ የምትል ሰማያዊ ጽሑፍ አለች። ክፈታት። ቼንጅ ኪ ሲክዌንስ በልና ኖት አሳይንድ ምረጥ። ከእንግዲህ ቋንቋ የምትቀይረው በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ይሆናል። በዚያው ገጽ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለያየ ቋንቋ የሚያስይዝ ምርጫም አለ፤ እሱንም አብራ። ጨዋታው እንግሊዝኛ፣ ብራውዘርህ አማርኛ ሆነው ይቆያሉ።

እግረ መንገድህን፣ ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ ስትነካ የሚመጣውን የስቲኪ ኪስ መስኮትም አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ገብተህ ዝጋ። እሱም አንድ ቀን ቦስ ፊት ይመጣብሃል።


ሻይ_ቡና፣ 2፡47

እኔማ ቄስ ስለሆነ በግዕዝ ሊቀድስ የፈለገ መስሎኝ ነበር።


ዱባይ_ሌሊት፣ 2፡58

በስመ አብ! እኔ ጆይስቲክ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። ኪቦርዱ እየሞተብኝ። ሁለት ኪቦርድ ጥያለሁ እኮ!


ሚሚ_ታንክ፣ 3፡15

እኔ ደግሞ እዚህ ጀርመን በሌላ በኩል ነው ያገኘኝ። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዜድ እና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል። በእንግሊዝኛ አደራደር የተጻፈ ምክር አንብቤ ዜድ ላይ ስኪል አስቀመጥኩ፣ ከዚያ በግራ እጄ ፈለግኩት፣ ለካ እዚያ ማዶ ነው።

ቄስ፣ አውራ ጣትህ ለይቶ አያውቅም ላልከው። 12ቱን ባንዴ አትጀምር። 4 ረድፍ በሦስት በሦስት ናቸው አይደል? መጀመሪያ ከመሀል ረድፎች አንዱ ላይ ያሉትን ሦስቱን ብቻ ሙላ። ሌላው ባዶ ይሁን። እነሱን ሳታስብ ስትጫን ቀጣዩን ረድፍ ጨምር። 5 ቁጥር ላይ ደግሞ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርግባት። ሲደርቅ ጉብታ ይሆናል፣ ልክ እንደ ኪፓዷ 5። ቀለሙ ምንም ይሁን፣ አይታይም።

ማውሱን ደግሞ ጨብጠህ አትያዝ። የጎን ቁልፍ ስትጫን ማውሱ ወደ ቀኝ ከሸሸ አውራ ጣትህ ብቻ ሳይሆን አንጓህ ነው እየገፋ ያለው። በትንሿና በቀለበት ጣትህ ከወዲያ ደግፈው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ክረምት ሙሉ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ከርሜያለሁ። ሐኪሙ «ሥራሽ ምንድን ነው» ሲለኝ ታንክ ነኝ ማለት አፈርኩ።


ቄስ_ዘአያት፣ 3፡24

ሃሃሃ። እህቴ ገደልሽኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ፒንጌ (ትእዛዜ የጨዋታው ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) 180 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። የማውሱ ሶፍትዌር ውስጥ ፖሊንግ ሬት 125 እና 1000 የሚል አለ። 1000 ባደርገው ይፈጥናል?


ጋሽ_ጠቅታ፣ 3፡50

125 ማለት ማውሱ በየ8 ሚሊሰከንዱ ያለበትን ይናገራል ማለት ነው። 1000 ከሆነ በየ1 ሚሊሰከንዱ። ያተረፍከው 7 ነው። መንገድ ላይ የሚጠፋብህ 180 ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ ለመሄድ ከቤትህ በር እስከ ታክሲው መሮጥ ማለት ነው። አድርገው፣ አይጎዳም፣ ግን ብዙ አትጠብቅ።

ላንተ የሚጠቅምህ ሌላ ነው። ዋርክራፍት የሚቀጥለውን ስኪል ትንሽ ቀድመህ ብትጫን ተቀብሎ ወረፋ ያስይዝልሃል። የወረፋው ስፋት ካልተነካ 400 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ የፊተኛው እስኪያልቅ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። ሊያልቅ ሲል ተጫን። ፒንግህ 180 ሆኖም በስኪሎችህ መሀል ክፍተት አይኖርም። ደግሞ ስኪሉ ጣትህ ሲነሳ ሳይሆን ቁልፉ ሲነካ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ መብራቱን አረጋግጥ።


ፈጣን_ጣት፣ 4፡10

የ400ውን ነገር አላውቅም ነበር። እውነት ለመናገር ማክሮውን የቀዳሁት ስኪሎቹ መሀል ክፍተት እየሆነብኝ ነበር። ዛሬ አጥፍቼ ልሞክር።


ቄስ_ዘአያት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ከምሽቱ 4፡05

ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

36ቱ ቀርተዋል። ስቆጥራቸው በእውነት የምጠቀምባቸው 17 ናቸው። ማውሱ ጎን ላይ 6 ብቻ ሞላሁ፣ ሁለት ረድፍ። ሁሉም እየሮጥኩ የምጠቀማቸው ናቸው። ጋሻው 5 ላይ ነው፣ የእህቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ያለበት። ፍላሽ ሂል ኢ ላይ። ራሴን የማድንበት ኪው ላይ። አር፣ ኤፍ እና ኤስም ሥራ አግኝተዋል። የቀሩት ከሺፍት ጋር። አልት ላይ ምንም የለም፤ ፈራሁት።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከድሮውም ባሰብኝ። ለማዳን ስሄድ እየዘለልኩ፣ ለመዝለል ስሄድ ፌድ እያደረግኩ። ሁለቴ ወደ ጠቅ ጠቁ ልመለስ ብዬ ነበር። በአምስተኛው ቀን አንድ ዳንጀን ስንጨርስ ታንኩ «ዛሬ ሌላ ሰው ነው እንዴ የሚጫወተው» ብሎ ጻፈ። እስክሪኑ ግርጌ አንዴም እንዳልወረድኩ ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ኪቦርዱ ከዚያ ወዲህ አልሞተም። ግን ቤት ውስጥ ጸብ ተነሳ። ላፕቶፑን ከእህቴ ጋር ነው የምንጋራው። አልትና ሺፍት ብትል ብትል አማርኛ አልመጣላትም። አሳይመንቷን ልታስገባ ነበር። «በጨዋታህ ኮምፒውተሩን አበላሸኸው» ብላ ለእማዬ ከሰሰችኝ።


ጋሽ_ጠቅታ፣ 4፡12

ዊንዶውስና ስፔስ በላት።


ቄስ_ዘአያት፣ 4፡15

አልኳት። ታረቅን። እርቁ ግን በነፃ አልነበረም።

ኪፓዷን በግራ እጄ ሦስት ቀን ሞክሬያት ነበር። ኖትፓድ ላይ ፈተናውን አልፋለች፣ ግራ እጁ ደስ ይበልህ። ግን ጣቶቼ ደብሊው ላይ ስለለመዱ ተመልሼ ጠረጴዛው ጥግ አስቀመጥኳት። እህቴ አካውንቲንግ ነው የምትማረው። ኤክሴል ላይ ስትሠራ አየቻት፣ ሰካቻት፣ አልመለሰቻትም።


ሻይ_ቡና፣ 4፡16

ከስንት ውጊያ በኋላ ወደ ካሸርነቷ ተመለሰች።


ግራ_እጁ፣ 4፡40

የኪፓዷን ሞዴል ላክልኝ። አራተኛዋ ዛሬ 6ን መዋጥ ጀምራለች።